የሸክላው ጉድጓድ ሙታን

ማሽን ጫኙ ሎቤድ ከኮምቦልቻ በኩል መጥቶ መርሳን አልፎ ከአስፋልቱ ወደ ጠጠሩ መንገድ ሲታጠፍ፣ እልፍነሽ ከወልድያ በተሳፈረችበት ሚኒባስ መስኮት አየችው። ጀርባው ላይ ቢጫ ኤክስካቫተር ተጭኗል፤ የኤክስካቫተሩ ክንድ ላይ ባንዲራ ታስሮበታል። ከፊት የሚመራው ነጭ ፒክአፕ በባዶ መንገድ ላይ ክላክሱን ያስጮኻል። አፈሙዙን ወደ ማሽላ ማሳ ደፍቶ ከቆመው የተቃጠለ ታንክ በቀር የሚሰማው አልነበረም።

«ወራጅ አለ» አለች።

ሹፌሩ መርሳ ገና ነው አላት። እሷ ግን በሩ በቅጡ ሳይከፈት ወርዳ፣ የሸመተችውን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ማሳውን አቋርጣ መገስገስ ጀመረች። ፒክአፑን ታውቀዋለች። ወዴት እንደሚሄድም አላጠራጠራትም። በዚያ በኩል ከሸክላው ጉድጓድ በቀር ኤክስካቫተር የሚጠራ ነገር የለም።

ጥር 2014 ነበር። ከሰሜን የመጣው ጦር ወልድያንና መርሳን ለቆ ከሄደ ብዙም አልቆየም። የሸሸው ሰው በየቀኑ ይመለሳል፤ ገሚሱ ዘመዱን ፍለጋ፣ ገሚሱ የቤቱን ቆርቆሮ ፍለጋ። እልፍነሽ ተመላሾቹን ከመንገድ ዳር ቆማ ስታይ ማን ለምን እንደመጣ ገና ከአረማመዱ ትለየው ነበር። የነጩ ፒክአፕ ባለቤት አቶ ገዛኸኝ ግን መለየትም አላስፈለገውም። ስልክ በተከፈተ ሰሞን ደውሎላት ነበር።

«ምድጃው ተርፏል?» ነበር የመጀመሪያ ቃሉ።

«ይርጋ ሞቷል» አለችው። ይርጋ ባሏ ነው፤ ምድጃው ያለበት የገዛኸኝ ጡብ ፋብሪካ ዘበኛ።

«ውይ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ» አለ ገዛኸኝ። ቀጥሎም፣ «ምድጃውስ?» አለ።

ያን ቀን ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋችበት። ከዚያ ወዲህ ስሙ ሲነሳ ምራቋን ትተፋለች።

ገዛኸኝ ኢንጂነር ተብሎ መጠራት ይወዳል። ኢንጂነርነቱን ከየት እንዳመጣው የሚያውቅ ሰው መርሳ ውስጥ የለም። «ኢንጂነር» ማለት የረሳ ሠራተኛ ግን በማግስቱ በር ላይ ሲጉላላ ይውላል። ስለዚህ ሁሉም ይለዋል። እልፍነሽም እርጥቡን ጡብ ከመቅረጫ ማሽኑ ተቀብላ ወደ ማድረቂያው ዳስ በምትሸከምባቸው ዓመታት ሁሉ አንቱ ስትለው፣ ኢንጂነር ስትለው ኖራለች።

ጡቡ የሚሠራበት አፈር የሚወጣው ከዚሁ ከሸክላው ጉድጓድ ነው። ድሮ ጉድጓድ አልነበረም። ከላይ ማሽላና ጤፍ የሚያበቅል ጥቁር አፈር፣ ከሥሩ እጅ ላይ እንደ ሊጥ የሚለጠጥ ቀይ ሸክላ ያለው ለጥ ያለ ማሳ ነበር። ገዛኸኝ ገበሬዎቹን ሰብስቦ ጥቁሩን አፈር ለብቻው አቆየዋለሁ፣ ቀዩን ካወጣሁ በኋላ መልሼ አለብሰዋለሁ፣ መሬታችሁ ከበፊቱ ይሻላል አላቸው። ቀዩን ወሰደ። ጥቁሩንም ወልድያ ለሚኖሩ፣ ግቢያቸው ውስጥ አበባ ለሚተክሉ ሰዎች ሸጠው። ለገበሬዎቹ የተረፋቸው ክረምት ሲሆን ኩሬ የሚሆን፣ ጥጃ የሚያሰጥም ጉድጓድ ነው። አቤት ሲሉት ኩሬው ለመስኖ ይሆናችኋል ብሎ ሳቀባቸው። ሐራ አካባቢ ማንም የማያርሰው ባዶ ዳገት ሥር ተመሳሳይ ሸክላ እንዳለ ያውቃል፤ ግን እዚያ ድረስ ናፍጣ አቃጥሎ መሄድ አልፈለገም። ይኼኛው ለአስፋልቱ ቅርብ ነው።

ጦርነቱ ሲቃረብ፣ በነሐሴ፣ ገዛኸኝ ገልባጭ መኪናው ላይ የሳሎን ዕቃውን ጫነ። ሠራተኞቹ ልጆቻቸውን አዝለው በሩ ላይ ቆመው ነበር። ቦታ የለም አላቸው። ሶፋው በሸራ ተሸፍኖ፣ በገመድ ታስሮ እንደ ታቦት በጥንቃቄ ሲወጣ ሁሉም አዩት። ለይርጋ የሰጠው ትእዛዝ አንዲት ጡብ ብትጎድል ካንተ ነው የሚል ነበር። ይርጋም ቃል የሰጠ ሰው ነኝ ብሎ ቀረ። እልፍነሽ ሞኝ ነህ አለችው። ሞኝነቱን እያወቀች አብራው ቀረች።

በመስከረም የከባድ መሣሪያ ድብደባው መርሳ ዙሪያ ሲበረታ የሠፈሩ ሰው መጠለያ ያደረገው ምድጃውን ነው፤ ግድግዳው ወፍራም ስለሆነ። አንዱ የመድፍ ጥይት በሩ ላይ ወደቀ። ይርጋ ሰዎችን ወደ ውስጥ ያስገባ ነበር። እሳት አንዳጁ ጀብሪልም አብሮት ነበር። ከእነሱ ጋር ሌሎችም ሞቱ። ቤተ ክርስቲያኑም የሙስሊሙ መቃብርም ከአስፋልቱ ማዶ ናቸው፤ አስፋልቱን የተሻገረ ይመታል። ስለዚህ የተረፉት አስከሬኖቹን ወደ ሸክላው ጉድጓድ አወረዱ። አፈሩ ከክረምቱ የተነሳ ለስላሳ ነበር፤ በአካፋ ይቆፈራል። የጀብሪል አባት፣ የቅሬው፣ ማለትም የሠፈሩ የቀብር ዕድር፣ ሰብሳቢ ሼህ አብዱልጀሊል፣ ለልጃቸውና ለሙስሊሞቹ ሰገዱ። ለክርስቲያኖቹ ቄስ ስላልተገኘ እልፍነሽ አባታችን ሆይ ደገመች። በአንድ መስመር አስተኟቸው። ሸክላው እንደ ማኅተም ከላያቸው ተደፈነ።

ገዛኸኝ አሁን ኤክስካቫተር ይዞ የመጣው ወደዚያ መስመር ነው።

እልፍነሽ ስትደርስ ኤክስካቫተሩ ከሎቤዱ ወርዶ ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ቆሟል። ኦፕሬተሩ በላይ የሚባል የወልድያ ሰው ነው፤ ማሽኑ ታስሮበት የነበረውን ሰንሰለት እየጠቀለለ ነበር። ገዛኸኝ ከፒክአፑ ወርዶ ዝንጉርጉር የወታደር ጃኬቱን ያስተካክላል። ጃኬቱ ከሱቅ ሲወጣ የታጠፈበት መስመር ገና ከጀርባው አልጠፋም። ወገቡ ላይ ሽጉጥ አድርጓል። አንድ ካሜራ የያዘ ሰው ዙሪያውን እየዞረ ያነሳዋል፤ እሱም ወደ ካሜራው እያየ ስለ መልሶ ግንባታ፣ ስለ ጀግናው የሀብሩ ወረዳ ሕዝብ፣ እኛ ስለከፈልነው መሥዋዕትነት ይናገራል። እኛ ሲል እልፍነሽ ሳቋ መጣ። እሱ የሰነበተው አዲስ አበባ፣ እህቱ ቤት እንደሆነ አገር ያውቃል።

ከጎኑ መልካሙ ቆሟል። መልካሙ የፋብሪካው ፎርማን ነው። እንደ እልፍነሽ ቀርቶ ነበር፤ በመስከረም አካፋውን ይዞ ከቆፈሩት አንዱ እሱ ነው። እልፍነሽን ሲያይ ጫማውን ማየት ጀመረ።

ሰላም ሳትል ወደ ገዛኸኝ ቀረበች። እዚህ ሰው እንደተቀበረ፣ ይህንንም መልካሙ እንደሚያውቅ በጨዋ ደንብ ነገረችው። እስካሁንም አንቱ ነው ያለችው፤ ኢንጂነርም አለችው።

ገዛኸኝ ካሜራውን በእጁ አስቆመ። ሁሉንም ሰምቻለሁ አላት፣ አዝኛለሁ አላት። ከዚያ ያሰበውን ነገራት። አፅማቸው በክብር ወጥቶ የክርስቲያኑ ወደ ቤተ ክርስቲያን፣ የሙስሊሙ ወደ መቃብሩ ይፈልሳል፤ ወጪውን እሱ ይችላል። አገሪቱ ጡብ ትፈልጋለች። ትምህርት ቤቱ ፈርሷል፣ ጤና ጣቢያው ፈርሷል። ሙታኑም ቢሆኑ በሥራ መቆም ደስ አይላቸውም።

እልፍነሽ ወደ ፒክአፑ ኋላ ተመለከተች። ሣጥን የለም። ከፈን የለም። የታሰረ የአዲስ ማዳበሪያ ከረጢት ክምር አለ።

«በመስከረም የተቀበረ ሰው በጥር አፅም አይሆንም» አለች። «ይህን ያውቃሉ?»

 ካሜራ የያዘው ሰው ከረጢቱን አይቶ፣ ካሜራውን ወደ ታች አወረደ።

እልፍነሽ ወደ መንደሩ ወጥታ ተጣራች። ወሎ ውስጥ ቅሬ ሲጠራ የሚቀር የለም፤ የታጠበ ልብሱን ያላሰጣ እርጥቡን ትቶ ይመጣል። ሼህ አብዱልጀሊል ከዘራቸውን ይዘው ከፊት መጡ። ከኋላቸው ወንዶቹ፣ ከወንዶቹ ኋላ ሴቶቹ። ከሴቶቹ መሀል የጀብሪል ሚስት ለይላ ነበረች። ለይላና እልፍነሽ ጡብ ሲሸከሙ ጎን ለጎን ነው የኖሩት፤ ባሎቻቸው ከሞቱ ወዲህም አንዷ ያለ አንዷ ምሳ አትበላም።

ሼህ አብዱልጀሊል አጭር ነገር ተናገሩ። ይህ ቀብር የቅሬው ነው፤ ቅሬው ሳይስማማ አይነካም፤ ቅሬው ደግሞ አይስማማም። ገዛኸኝ መሬቱን የያዝኩበት ውል አለኝ አለ። ሼሁ ውሉ ላይ ልጄ ተጽፏል ወይ ብለው ጠየቁት።  ገዛኸኝ ዙሪያውን አየ። ደጋፊ አጣ። የሽጉጡን ቀበቶ ነካ አድርጎ ተወው፤ ሽጉጡን ማውጣት የሚችል ሰው እንዳልሆነ ራሱም ያውቃል።

ያኔ መልካሙ ጠጋ ብሎ ጆሮው ላይ አንድ ነገር አንሾካሾከ።

የገዛኸኝ ፊት በራ። እልፍነሽ ያ ፊት ሲበራ አይታ፣ መልካሙ ምን እንደነገረው ቃል በቃል አወቀች። በገዛኸኝ ላይ ከተሰማት ይልቅ በመልካሙ ላይ የተሰማት ንቀት የበለጠባት ያኔ ነው። ገዛኸኝ የማያውቀውን ነው የሚረግጠው። መልካሙ ግን በገዛ እጁ ያለበሰውን አፈር ነው የሸጠው።

«እናንተ» አለ ገዛኸኝ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ካሜራውም እንደገና እንዲነሳ ምልክት ሰጥቶ፣ «ይህን ጉድጓድ የምትጠብቁት ለማን ነው? እዚህ ውስጥ ጠላት ተቀብሯል። የገደላችሁን፣ የዘረፋችሁን ሰው ከወገን ጋር አንድ ላይ አስተኝተው ደብቀውባችኋል። ጠይቋት፤ እልፍነሽን ጠይቋት።»

ሰዉ ተንጫጫ። ከወጣቶቹ አንዳንዶቹ ወደ ፊት መጡ። አንዱ እውነት ከሆነ ዛሬውኑ ወጥቶ ለጅብ ይጣል አለ። ለይላ ቀስ ብላ ወደ እልፍነሽ ዞረች።

«እውነት ነው?»

«እውነት ነው» አለች እልፍነሽ።

የሆነው እንዲህ ነበር። ቀብሩ ካለፈ በኋላ፣ ከሰሜን የመጣው ጦር ወደ ፊት ሲገፋ፣ ሆዱ ላይ የቆሰለ አንድ ተዋጊ ጥሎ ሄደ። ጢም እንኳ በቅጡ አላበቀለም። የማድረቂያው ዳስ ሥር ገብቶ ውኃ ውኃ ሲል አደረ። እልፍነሽ ሰምታዋለች። ለረጅም ጊዜ አልሄደችም፤ የይርጋ አፈር ገና አልደረቀም ነበር። በመጨረሻ ስትሄድ ውኃውን ሰጠችው፤ ጠጥቶ ሞተ። አንገቱ ላይ ማተብ ነበረው። ውሾች ዳሱን መዞር ጀምረው ስለነበር ሼህ አብዱልጀሊልን ጠራች፣ መልካሙን ጠራች፣ ሦስቱ ጎትተው አወረዱት። ለሌላ ሰው ለመንገር ግን አልቻሉም። የሞተበት ሰው ልብ በዚያ ሰሞን እንደዚያ ያለ ነገር የሚችል አልነበረም።

«ከማን ጎን ነው ያስተኛሽው?» አለች ለይላ። ድምፅዋ እንደ ክር ቀጥኗል።

«ከዳር። ከይርጋ ጎን። ከሌላ ሰው ጎን ላደርገው መብት አልነበረኝም።»

ለይላ አማቷን አየቻቸው። ሼህ አብዱልጀሊል ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ። ለይላ ነጠላዋን አጥብቃ ወደ ጉድጓዱ ወረደች። ማንም አልተከተላትም። በመስመሩ ላይ ከጀብሪል ራስጌ ጀምራ እስከ ዳር ሄደች፤ ዳር ላይ ምልክት የሌላት፣ ከሌሎቹ አነስ ያለች ጉብታ አለች። እዚያ ቆማ ብዙ ቆየች። እልፍነሽ ከላይ ሆና ጀርባዋን ታይ ነበር። ትተፋበታለች ብላ ጠበቀች። ብትተፋም አልፈርድባትም ብላ አሰበች።

ለይላ አልተፋችም። ወጥታ በቀጥታ ወደ ኤክስካቫተሩ ሄደች። በላይ ሞተሩን አስነስቶ መሪው ጋ ተቀምጦ ነበር።

«እሱን ብለህ ብትቆፍር ባሌንም ታወጣለህ» አለችው። «የማሽንህ ጥርስ ይኼ የእኛ ነው፣ ይኼ የእነሱ ነው ብሎ አይለይም። ወደ ጉድጓዱ ከወረድክ አብሬ እወርዳለሁ።»

በላይ ገዛኸኝን አየ፤ ለይላን አየ። ሞተሩን አጠፋ። ወርዶ የጠቀለለውን ሰንሰለት መፍታት ጀመረ፤ ማሽኑን መልሶ ሎቤዱ ላይ ሊጭን ነው። ገዛኸኝ ምን እየሠራህ ነው ብሎ ጮኸበት፣ ከሥራ አባርርሃለሁ አለው፣ ከወልድያ እስከ ኮምቦልቻ የሚቀጥርህ እንዳታገኝ አደርጋለሁ አለው። በላይ ዕቃው የእርስዎ ነው፣ የፈለጉት ሰው ይቆፍርበት፣ እኔ ግን መቃብር ቆፋሪ ሆኜ አልተቀጠርኩም ብሎ ሥራውን ቀጠለ። ጮክ ብሎ እንኳ አልተናገረም።

 ለጅብ ይጣል ያለው ልጅ ወደ ኋላ ተመልሶ ከሰው መሀል ጠፋ።

ገዛኸኝ ብቻውን ቀረ። ሕዝቡን በምናምን ሊያባብል ሞከረ፤ ለቅሬው ድንኳን እገዛለሁ አለ፤ ቆርቆሮ አመጣለሁ አለ። ቃሉ ሲበዛ ጃኬቱ እየሰፋው የሄደ መሰለ። እልፍነሽ ፊት ለፊቱ ቆመች። ስንት ዓመት ሙሉ ለዚህ ሰው ጎንበስ ብላ እንደኖረች አሰበች፤ ይርጋም ለዚህ ሰው ጡብ ብሎ በሩ ላይ እንደቆመ።

«ገዛኸኝ» አለችው። «ዕቃህን ጭነህ ሂድ።»

ከአንቱ ወደ አንተ ማውረዷን በቦታው የነበረ ሁሉ ሰማ።  ከዚህ በፊት መርሳ ውስጥ ሴት ሠራተኛ በስሙ ብቻ ጠርታው አታውቅም። ገዛኸኝ ዞር ሲል ካሜራ የያዘው ሰው ዕቃውን ሰብስቦ ፒክአፑ ውስጥ ገብቶ ነበር። ገዛኸኝም ገባ። መልካሙ የኋላውን በር ከፍቶ ከማዳበሪያ ከረጢቶቹ ጋር ተቀመጠ። ማንም አልሰደባቸውም። ስድብ ለሰው ነው የሚገባው የሚል ነገር በሕዝቡ ፊት ላይ ነበር።

ገዛኸኝ ውሎ አድሮ ሸክላውን ከሐራ በኩል፣ ከዚያ ማንም ከማያርሰው ዳገት ሥር ማውጣት ጀመረ። መጀመሪያም ከዚያ ማውጣት ይችል ነበር። ናፍጣውን እያማረረ፣ ለሚያገኘው ሰው ሁሉ የቅሬው ሰዎች ልማት አይወዱም እያለ ምድጃውን አነደደ። ከድሮ ሠራተኞቹ የተመለሱ አሉ። እልፍነሽ አልፈረደችባቸውም፤ ልጅ አላቸው። እሷ ግን አልተመለሰችም። በመንገዱ ላይ የፈረሱትን ትንንሽ ድልድዮች ለሚጠግኑት ድንጋይ በሚወጣበት ካባ ተቀጥራ ከዳገቱ የተፈለጠውን ጥቁር ድንጋይ መሸከም ጀመረች። ጡብ ከድንጋይ ይቀላል። ለእሷ ግን ድንጋዩ ቀለላት።

ለይላ ከዚያ ቀን ወዲህ አላነጋገረቻትም። መንገድ ላይ ስትገናኛት ሰላም ትላታለች፤ ከዚያ ያለፈ የለም። ምሳቸውን ለየብቻ በሉ። እልፍነሽ ልታስረዳት ሦስት አራት ጊዜ አስባ ተወችው። ምን ብላ ታስረዳለች?

ዐቢይ ጾም ሲገባ ገዛኸኝ ጉድጓዱ አፋፍ ላይ አንድ መኪና ጡብ አራገፈ። ለሰማዕታት መታሰቢያ አጥር እንዲሠራበት የተሰጠ ስጦታ ነው የሚል ጨርቅ በሁለት እንጨት አስተከለ። ካሜራውን ይዞ ሊመጣ ያሰበው ለእሑድ ነበር።

ቅሬው ቅዳሜ ተሰበሰበ። ስብሰባው አልረዘመም። ሼህ አብዱልጀሊል ስለ ጡቡ ማን ሐሳብ አለው ብለው ጠየቁ። ወንዶቹ ተነስተው ጡቡን እየተቀባበሉ ከጉድጓዱ አርቀው እስከ አስፋልቱ ዳር አወጡት። ጨርቁን እላዩ ላይ አለበሱት። ገዛኸኝ እሑድ መጥቶ ያገኘው ያንን ነው። ከመኪናው አልወረደም። መስኮቱን ከፍቶ አየ፣ ዘግቶ ሄደ። ጡቡን መንገደኛ እየተሸከመ ወሰደው፤ ከሲሪንቃ ወዲህ ባሉ መንደሮች ብዙ ሰው መፀዳጃ ቤት ሠራበት። ጨርቁንም አንዱ ለፍየል በረት ጣራ አደረገው።

የመቃብሩ አጥር ከካባው ድንጋይ እንዲሠራ ቅሬው ወሰነ። እልፍነሽ ያለቀጣሪዋ ፈቃድ አንድም ድንጋይ አላነሳችም፤ ሄዳ ጠየቀች፤ ለሙታን ከሆነ ውሰጂ አላት። ሰው ሁሉ የቻለውን ያህል እየተሸከመ አወረደ። ግንበኞቹ መሠረቱን በገመድ ሲያሰምሩ ዳር ላይ ሲደርሱ ቆሙ። ገመዱን ከይርጋ በኋላ ያሳልፉት ወይስ ከትንሿ ጉብታ በኋላ? እልፍነሽን አዩ።  እሷ ግን ስለዚያ ተዋጊ የመናገር ድርሻዋ ያን ቀን ያለቀ መስሏት ወደ ድንጋዩ ክምር ዞረች። 

ለይላ ከሴቶቹ መሀል ወጣች። የገመዱን ጫፍ ከግንበኛው እጅ ተቀብላ ከትንሿ ጉብታ ወዲያ ወስዳ ረገጠችው። ከክምሩ አንድ ትልቅ ድንጋይ ልታነሳ ጎንበስ አለች፤ ከበዳት። ቀና ብላ እልፍነሽን አየቻት።

«ለእሱ ብዬ እንዳይመስልሽ» አለች። «ገዛኸኝ ነገ ደግሞ ከአጥር ውጭ ነው ብሎ ለመቆፈር ሰበብ እንዳያገኝ ነው።»

እልፍነሽ ሄዳ የድንጋዩን ሌላ ጫፍ ያዘች።